መስተፋቅር ያለበት መጽሐፍ

ትሩፋት ምላሷ ስለት ነበር፤ ብዕሯማ ይብሳል። መካኒሳ አቦ አካባቢ የቀበሌውን የንባብ ክፍል የምትጠብቀው እሷ ናት። አዲስ ልብ ወለድ በገባ ቁጥር አንብባ ፍርዷን በቁራጭ ወረቀት ትጽፍና ከሽፋኑ ጀርባ ትለጥፋለች። «ጀግናው ማልቀስ እንጂ ሥራ አያውቅም» ትላለች። ወይም «ጠንቋዩ ከደራሲው ይሻላል»። ሰፈርተኛው ከመጽሐፎቹ ይልቅ ወረቀቶቿን ሊያነብ ይመጣ ነበር ቢባል ሐሰት የለውም።

አንድ ጊዜ ግን ልቧን የነካ መጽሐፍ መጣ። የዶርዜ ሸማኔና የኦሮሞ ገበሬ ልጅ ይዋደዳሉ፤ እሱ የሸመነውን ነጠላ የለበሰ የሌላውን ልብ ይሰማል። ትሩፋት ሁለት ጊዜ አንብባ ሁለት ጊዜ አለቀሰች። ከዚያም «ይህ መጽሐፍ መስተፋቅር አለበት» ብላ ለጠፈች።

መጀመሪያ የተዋሱት እትዬ ቡዜ ናቸው። ከሰፈሩ ነባር የገበሬ ቤተሰብ ናቸው፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠሩ ዓመት አልሞላቸውም። ያቺን ወረቀት ራሳቸው ፊደል በፊደል አንብበው ነው መጽሐፉን አንስተው የሄዱት።

መስተፋቅር ያለበት መጽሐፍ አለ የሚለው ወሬ ውሎ አድሮ ከቀበሌው ኮሚቴ ሰብሳቢ ከጓድ ምትኩ ጆሮ ደረሰ። ጉድ ፈላ! ጓድ ምትኩ ቀልድ የማይገባው ሰው ነው። በአብዮት ዘመን አጉል እምነት ማስፋፋት ነው አለና፣ መጽሐፉ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ቀርቦ እንዲወገድ አዘዘ። ትሩፋት አነጋገር ነው ብላ ብትለምነው ወይ ፍንክች። ለራሷ አልፈራችም፤ የፈራችው ለመጽሐፉ ነው።

ቅዳሜ እትዬ ቡዜ መጽሐፉን በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ። ጓድ ምትኩ መስተፋቅሩን አግኝተውት እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸውም አልዋሹም። ልጃቸው ከዘመተ ወዲህ ባላቸው አቶ ነገሪ አፋቸውን ዘግተው፣ ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሎ ከርሟል። ስለዚህ መጽሐፉን ወስደው በባላቸው ትራስ ሥር ሸጎጡት። ሰው ሳቀ። ትሩፋት አልሳቀችም።

«ሳምንት ሙሉ አልሠራም» አሉ እትዬ ቡዜ። «መድኃኒቱ ውስጡ ተጽፎ ይሆናል ብዬ ገለጥኩት። በልቤ ማንበብ አልችልም፤ ጮክ ብዬ ነው። አምስተኛው ገጽ ላይ ደክሞኝ ዘጋሁት። ያኔ ነገሪ ‹ከዚያስ?› አለኝ።»

ከዚያ ወዲህ አቶ ነገሪ ከእርሻ ሲመለሱ ባለቤታቸው ያነባሉ፣ እሳቸው ይሰማሉ። ትናንት የልጃቸውን ስም አንስተው አብረው አልቅሰዋል። እትዬ ቡዜ ሠላሳ ገጽ ስለቀራቸው እስኪጨርሱ እንዲታገሣቸው ጓድ ምትኩን ለመኑት።

ጓድ ምትኩም፣ መጽሐፉ ይቆይ፣ ወረቀቱ ግን ይታረም አለ። ትሩፋት መስተፋቅር የሚለውን አልሰረዘችም። ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረችበት፦ «አጠቃቀሙ፦ ለሚወዱት ሰው ጮክ ብሎ ማንበብ።»

እትዬ ቡዜም መጽሐፉን መልሰው ጠቅልለው ቶሎ ቶሎ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ አቶ ነገሪ ይጠብቃሉ።