ውሃ የጠጣችው ፈርጥ

ደባርቅ፣ ጋሽ ታደለ ወርቅ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ምንም መሣሪያ አልሰጡኝም። ጭቃ የተጋገረበት ቡናማ ድንጋይ መዳፌ ላይ አኖሩና «ምን ይታይሻል?» አሉኝ።

«አፈር።»

ድንጋዩን መሳያው ሞተር ላይ ጥቂት አስነኩት። ከቅርፊቱ ሥር ቀይና አረንጓዴ ቦግ አለ። ሳላስበው አማተብኩ።

«ኦፓል የሚባል ፈርጥ ነው» አሉ። «ከወሎ፣ ከደላንታ ገደል የወጣ።»

ሁለት ዓመት ብር ስሞርድ ቆይቼ በሦስተኛው ድንጋይ ማለስለስ ፈቀዱልኝ። ጋሽ ታደለ ብር ሊገዙ ጎንደር በወረዱበት ሳምንት አያ ውቤ የሚባሉ የጃናሞራ ገበሬ አንዲት ኦፓል ይዘው መጡ።

«በክፉ ዘመን ደላንታ ሄጄ ስቆፍር ያገኘኋት ናት» አሉኝ። «ሌላውን ሁሉ ሸጥኩ፤ ይህችን ለባለቤቴ አስቀረሁ። ቀለበት አርጊልኝ።»

ሞላላ አድርጌ አለሰለስኳት። ዘንበል ባደረግኋት ቁጥር እሳቱ ከዳር ዳር ይሮጣል። የማለስለሻው ዱቄት እንዲለቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌያት ቅዳሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ከውሃው ሳወጣት የጠርሙስ ስባሪ ነው የምትመስለው። ቀለም የሚባል የለባትም። ጋሽ ታደለ ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው።

መሳቢያው ውስጥ እሷን የምታህል ሌላ ኦፓል ነበረች። አወጣኋት። ብለውጣት ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ መልሼ ከተትኳትና የአያ ውቤን ድንጋይ ቶሎ እንድትደርቅ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አስመታኋት።

ወዲያው አያ ውቤ ገቡ።

«አያ ውቤ፣ ድንጋይዎን አበላሸሁብዎት» አልኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

ከመስኮቱ ላፍ አድርገው መዳፋቸው ውስጥ ሸሸጓት። «በፀሐይማ ትሰነጠቃለች!» አሉ። ቀስ ብለው አዩዋትና ፈገግ አሉ። «ውሃ ጠጥታ ነው ልጄ። ከጉድጓዱ ሳወጣትም እንዲህ ነበረች። ገደል ልወረውራት እጄን ሳነሳ አብሮኝ የሚቆፍረው ሰው ነው የያዘኝ።»

በጨርቅ ጠቅልለን ጥላ ውስጥ አኖርናት። በሦስተኛው ቀን ጭጋግ መሰለች። በስድስተኛው አረንጓዴው ከዳሯ ብቅ አለ፤ በማግስቱ ቀዩ ተከተለ። ማንም ሳይነካት! ከዚያ ወዲህ ብዙ ድንጋይ በእጄ አልፏል፤ እንደዚያ ሳምንት ፈርቼም አላውቅም፣ ደስ ብሎኝም አያውቅም።

ቀለበቱን ባለቤታቸው ራሳቸው መጥተው አጠለቁት። እጃቸውን ወደ ብርሃኑ እያዟዟሩ ብዙ ቆሙ።

አዲስ ለሚገቡ ሠራተኞች የምነግራቸው ይህን ነው። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ አትዘፍዝፉት። ከጠጣም በጥላ አድርቁት፣ አትቸኩሉ። የተበላሸባችሁ ሲመስላችሁ ለባለቤቱ ንገሩት፤ ድንጋዩን ከእናንተ በላይ ያውቀው ይሆናል።