አማቴ ያስጠኑት ፈተና

የባሌ አባት ዕድሜ ልካቸውን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። አምቦ ውስጥ ባንክ ግቡ፣ ማዘጋጃ ቤት ግቡ፣ ሆስፒታል ግቡ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ "ኦቦ ዳይሬክተር!" የሚላቸው የድሮ ተማሪ አይጠፋም። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዳይሬክተርነቱ ግን ከሳቸው አልወጣም። ሳገባ ይህን እንደ ትልቅ ጸጋ ቆጥሬው ነበር። ሞኝ ነበርኩ!

ባሌ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ነበር ልበል እንጂ። ከጉደር ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ራሱን ክፉኛ ተመታ። ሰንብቶ ነቃ፣ ቁስሉም ዳነ፣ እልል ብለን ቤቱ አስገባነው። ከወራት በኋላ ግን ኮርኒሱ ላይ ሰዎች ተቀምጠው እንደሚያሙት ይነግረኝ ጀመር። ጎረቤቱን ጠረጠረ፣ መስኮቱን በቀን ዘጋ። ሻይ ሳቀርብለት "መጀመሪያ አንቺ ቅመሽው" ይለኛል። እኔን! ወጤ ጨው ቢያንሰው እንኳ ተናግሮኝ የማያውቅ ሰው።

የሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሐኪም ወጣት ናት፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣች፣ ኦሮምኛ የማታውቅ ትሑት ልጅ። "ራሳቸውን ሲመቱ ማስታወሳቸውና ማሰባቸው ምን ያህል እንደተጎዳ ልመርምር" አለችን። "የሌለ ድምፅ ይሰማቸው እንደሆነም እጠይቃቸዋለሁ፤ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ውጤቱን ሳይ መድኃኒቱንም፣ ክፍል ገብተው ያስተምሩ አያስተምሩ የሚለውንም እወስናለሁ።" ትምህርት ቤቱም የሚጠብቀው የሷን ቃል ነበር። ለኔ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ባሌ ታክሞ ሳይሻለው ሰሌዳ ፊት ከቆመ በተማሪዎቹ ፊት ይዋረዳል፣ ከዚያ ወዲያ መምህርነት አይኖረውም።

አማቴ ግን ከተነገረው ሁሉ የሰሙት "ውጤት" የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

"የኔ ልጅ ፈተና ወድቆ አያውቅም" አሉ ቤት እንደገባን።

"አባባ፣ ይሄ እኮ የሚወደቅበት ፈተና አይደለም" አልኳቸው። "ትኩሳት እንደ መለካት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

"አንቺ ዝም በይ። ስም ከመቃብር በላይ ነው።"

በማግስቱ ሆስፒታል የሚሠራ የድሮ ተማሪያቸው ጋ ደወሉ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ግን ያስተማረውን ሰው እንዴት ብሎ እምቢ ይበል? ጥያቄዎቹን በስልክ አንድ በአንድ ዘረዘረላቸው። ሳሎናችን ያን ጊዜ ክፍል ሆነ። እኛ ቤት የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ ፈተናው በአማርኛ ስለሆነ ጥናቱም በአማርኛ ሆነ። "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ወሩስ? ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ውረድ። ሦስቱን ቃላት በል፤ ፈረስ፣ ድልድይ፣ ሎሚ።" ሲመልስ "ጋሪዳ! ጎበዝ!" እያሉ ጉልበቱን መታ መታ ያደርጉታል። ሲሳሳት እንደገና ከመጀመሪያው። እኔም ወጥ ሳማስል ፈረስ፣ ድልድይ፣ ሎሚ ሳላስበው ከአፌ ይወጣ ጀመር።

የመጨረሻው ጥያቄ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው እንደሆነ ነበር።

"አልሰማም በል" አሉት።

ባሌ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየና "አልሰማም" አለ።

በቀጠሮው ቀን አንድ አስታማሚ ብቻ ይግባ ተባለ። አባት እያለ ሚስት ምን ቤት ናትና! ኮሪደር ላይ ተንቆራጠጥኩ፤ አልቻልኩም፣ በሩን ከፈትኩና "ሐኪም፣ አስጠንተውታል!" አልኩ። ምራት አማቷን በሰው ፊት ስታጋልጥ በኛ ዘንድ ነውሩ ቀላል አይደለም። አማቴ ግን ሳቅ አሉ። "ልጄ፣ አትቀየሚያት፤ ከማስታመም ብዛት ደክሟታል።" ሐኪሟ ወረቀቷን አየች። "እህቴ፣ መልሱ እኮ ሁሉም ልክ ነው" አለችኝ አዝናልኝ። የእንቅልፍ ክኒን አዘዘች፤ ማስተማር ይችላል አለች። አማቴ ያን ቀን በግ አረዱ። ወይ ጉድ! ዲግሪውን ሲይዝ እንኳ የታረደው ዶሮ ነው።

ክፍል ገባ። አጀማመሩ ደህና ነበር አሉ። ከዚያ ኋላ ወንበር ወዳሉት ልጆች ዞሮ "የምታሙኝን ለምን ፊት ለፊት አትነግሩኝም?" አላቸው። አንድም ልጅ ትንፍሽ አላለም ነበር። በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ እስክትናገሩ ማንም አይወጣም አለ። ልጆቹ እየጮሁ መስኮት ሰብረው ሲወጡ አንዷን እጇን መስታወት ቆረጣት። ሞባይል የያዘው ሁሉ ቀርጿል። ከሰዓት በኋላ እንጭኒ ያለችው እህቴ ቪዲዮውን አይታ "ባልሽ ነው እንዴ?" ብላ ደወለችልኝ። ከመቃብር በላይ ነው የተባለው ስም ይኸው፣ ዛሬ "ያ ያበደው መምህር" ሆኗል።

ሐኪሟ ጋ ተመለስን። አሁን ሁለታችንንም አስገባችን። ኮርኒሱንም፣ ሻዩንም፣ ጥናቱንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። አማቴ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ሐኪሟ ፊቷ ተለዋወጠ፤ "ያን ጊዜ መድኃኒቱን ጀምረን ቢሆን..." ብላ ተወችው። ነግሬሽ አልነበር ወይ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ጥያቄዎቹን ቀየረች። "ሦስት ቃላት እነግርዎታለሁ፣ ይያዙልኝ። ጎመን፣ መስኮት፣ ወንድም።" ስለ ሌላ ስለ ሌላው ጠይቃው ስታበቃ "ቃላቱ ምን ምን ነበሩ?" አለችው።

ባሌ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። "ፈረስ፣ ድልድይ፣ ሎሚ።"

"ሌሎች ነበሩ። እስቲ ደግመው ይሞክሩ።"

"ፈረስ፣ ድልድይ፣ ሎሚ። ድምፅ አልሰማም።"

ስለ ድምፅ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እሱ ግን እሷንም እኔንም ትቶ ወደ አባቱ ዞረ፤ በኦሮምኛ ነበር የጠየቃቸው።

"አባ፣ ስንት አገኘሁ?"

አማቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀሱም። ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና "መቶ፣ ልጄ" አሉት። "መቶ ነው ያገኘኸው።"

ባሌ ፈገግ አለ። ከአደጋው ወዲህ እንዲያ ፈገግ ሲል አይቼው አላውቅም፤ እንዲያም ሆኖ ይቅር አልላቸውም።