ከቀኝ ወደ ግራ ያማተበው የመሐል ሜዳ ተጫዋች

ይህን ነገር እስካለፈው ዐቢይ ጾም ድረስ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። እኔ ማለት እንግዲህ አፌ የማይዘጋ ሰው ነኝ። በአንድ ጥይት ሦስት ቆቅና አንድ ጅብ የጣልኩበትን ታሪክ ከፀዳ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ያልሰማ የለም፤ ጅቡ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ዘንድሮ አራት ደርሷል። ይህኛው ግን ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት ሃያ ዓመት ያህል ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል። አንባቢዬ፣ ዛሬ አንተን እንደ ንስሐ አባት ቆጥሬሃለሁ። እስከዛሬ በተናገርኩት ሁሉ ሳቅልኝ፤ በዚህ ግን ብትስቅ እቀየምሃለሁ።

ያደረግሁት ይህ ነው፦ የሰው እግር አሳሰርኩ። እግሩም እንደኔና እንዳንተ ለመሄጃ ብቻ የተሰጠ እግር አልነበረም።

ዲያቆን ይርጋ የደብር ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ፣ አያቱ መሪጌታ፤ ድመታቸው እንኳ ዜማ ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም ይባል ነበር። ጠዋት ይቀድሳል፣ ከሰዓት በኋላ በከተማችን ቡድን መሐል ሜዳ ላይ ይቆማል። ኳስ ስትመጣ እኛ ኳሷን እናያለን፤ እሱ ሰዉን ያያል። እግሩ ሥር ሳትደርስ ወዴት እንደሚልካት ወስኖ ጨርሷል። እኔም የመሐል ሜዳ ተጫዋች ነበርኩ። ልዩነታችን፣ እሱ ሜዳው ውስጥ ይጫወታል፣ እኔ ከመስመሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጫወታለሁ።

የሚያሠለጥነን ሲኞር ዮን የሚባል ሮማኒያዊ ነበር። በአገሩ ደመወዝ እየተከፈለው መሐል ሜዳ የተጫወተ፣ ስሙ በጋዜጣ የወጣ ሰው ነው። ጦርነቱ መጣና ቡድኑ ተበተነ፤ እሱም ጉልበቱ ውስጥ የቀረ ብረት ይዞ አገር ላገር ሲዞር ቆይቶ፣ ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ማኪና ጠጋኝ ሆኖ ተገኘ። አማርኛ አንዲት ቃል አያውቅም፤ የሚያግባባው ጣሊያንኛ ነው። ከተጫዋቾቹ ጣሊያንኛ የምሰማ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ፤ በወረራው ጊዜ ጣሊያን ዳቦ ቤት ሊጥ ሳቦካ የለመድኩት። እንግዲህ ሲኞር ዮን ለይርጋ የሚለው ሁሉ በእኔ አፍ ያልፋል፤ ይርጋ የሚመልሰውም በእኔ አፍ።

«እኔ በሃያ አራት ዓመቴ ያቆምኩትን ይህ ልጅ ይቀጥለዋል» ይለኝ ነበር ሲኞር ዮን። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ከጋራዥ ሲወጣ እጁን እንኳ በወጉ ሳይታጠብ ሜዳ ይመጣና ይርጋን ለብቻው ያሠራዋል፦ ዙር፣ እይ፣ ስጥ። እኔ እተረጉማለሁ፦ ዙር፣ እይ፣ ስጥ። እየተረጎምኩ እቀናለሁ።

ሲኞር ዮን ሜዳ ሲገባ ያማትባል፤ ግን ከቀኝ ወደ ግራ። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ እናማትባለን፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን ከሲኦል ወደ ገነት አወጣኸን ስንል። አንድ ቀን ነገሩ ግራ ቢገባኝ ጠየቅሁት። ሳቀና ከሸሚዙ ውስጥ የእናቱን መስቀል አውጥቶ አሳየኝ። «እኔም እንዳንተ ኦርቶዶክስ ነኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐቱ እንዲህ ነው» አለኝ። ይህን የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ለማንም አልተረጎምኩም። ያን ጊዜ ረስቼ ነው፤ በኋላ ግን አልረሳሁም።

አንድ ቅዳሜ ከወታደሮች ቡድን ጋር ስንጫወት ይርጋ ግብ አገባ። ወደ ሲኞር ዮን ዞረና እንደ እሱ ከቀኝ ወደ ግራ አማተበ። ልጅ የአባቱን አካሄድ እንደሚሄደው ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ለተጫዋቾቹ ደመወዝ የሚከፍል አንድ የአሥመራ ቡድን የላከው ሰው ያን ቀን ከዳር ቆሞ ኖሮ፣ «ይህ ልጅ ከጥምቀት በኋላ አሥመራ ይምጣና እንሞክረው» አለ። ሲኞር ዮን ሁለት ስም ጻፈለት፦ የይርጋን፣ ከሥሩም ድንገት ቢያመው ተብሎ የእኔን።

በሳምንቱ፣ በጥምቀት ማግሥት፣ የሚካኤል ማኅበር ነበር። የእኔም የይርጋም የነፍስ አባት የነበሩት አባ ገብረ ሕይወት ከፊታችን ተቀምጠዋል።

«ምነው ያ ይርጋ ኳስ ኳስ አለ? ሸጋ ዲያቆን ነበር» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ካለሁ ሳቅ አለ። ደግሞም ያቺ ከሥር የተጻፈችው ስሜ ከጥምቀት በፊት ጀምራ እንቅልፍ ነስታኛለች።

«አባ፣ ኳስ ብቻ መስሎዎት?» አልኩ። «ፈረንጁ አስተምሮት ሜዳ ሲገባ ለኳሷ ሦስት ጊዜ ይሰግድላታል! ማማተቡንም ገልብጦታል።»

«እንዴት ያለ መገልበጥ?»

«ከቀኝ ወደ ግራ ነዋ! ከገነት ቁልቁል ወደ ሲኦል!» ብዬ በእጄ አሳየሁ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ አንዱ ጠላው በአፍንጫው ወጣ። አባ ገብረ ሕይወት አልሳቁም። የያዙትን ዋንጫ ቀስ ብለው አስቀመጡ። እዚያ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። «አባ፣ ቀለድኩ፤ ስግደቱ ውሸት ነው፤ ሰውዬውም ኦርቶዶክስ ነው፤ ሥርዐታቸው ነው» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? እኔ ግን ጠላ ድገሙኝ አልኩ።

በማግሥቱ አባ ይርጋን አስጠሩት።

«ለኳስ ትሰግዳለህ?»

«ኧረ አልሰግድም አባቴ።»

«ከቀኝ ወደ ግራ አላማተብክም?»

«አንድ ቀን አማትቤያለሁ።»

«ስለምን?»

«እሱ እንደዚያ ስለሚያደርግ።»

ከዚህ በላይ አያውቅም፤ የሚያውቀው እኔ ነበርኩ። አባም «ግማሹን ካመነ ሌላውም እውነት ነው» ብለው በሥልጣነ ክህነታቸው ገዘቱት፤ ዳግመኛ ኳስ በእግሩ እንዳይነካ። ግዝት ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው አላስረዳም። ጥሶ ቢጫወት ድቁናውም ቁርባኑም ቀረ።

ከግዝቱ በሁለተኛው ቀን፣ የአሥመራው አውቶቡስ በሚነሣበት ጠዋት፣ ሲኞር ዮን ባርኔጣውን አድርጎ፣ የገዛ ራሱን የኳስ ጫማ ለይርጋ ሊሰጠው በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ይርጋ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ደረሰ፤ ዕቃ አልያዘም።

«አያ ደሴ፣ ንገርልኝ» አለኝ። «ተገዝቼ ነው በለው። አልጠላሁትም በለው። ግዝቱ ቢነሣልኝ አሥመራ ድረስ በእግሬ እሄድ ነበር በለው።»

ወደ ሲኞር ዮን ዞርኩ። «ኳስ ሰለቸኝ፣ አልሄድም ይላል» አልኩት በጣሊያንኛ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። እውነቱን ብተረጉምለት ኖሮ ያ ሰውዬ እያነከሰ አባ ገብረ ሕይወት ዘንድ ይሮጥ ነበር፤ የእናቱን መስቀል ያሳይ ነበር፤ ነገሩ አውቶቡሱ ሳይሞላ ያልቅ ነበር። እኔም ድንጋዬ ላይ እቀር ነበር። የማኅበሩን ቀልድ ነው እንበል። ይህኛውስ ቀልድ ነው? ቀልድ ከሆነ ማን ሳቀ?

ሲኞር ዮን ይርጋን ትክ ብሎ አየው። ጫማውን እንደ ታቀፈ ዞሮ ሄደ።

«ምን አለ?» አለኝ ይርጋ።

«ምንም አይደል፣ እግዜር ያውቃል አለ» አልኩት። ይኼኛውንም ከራሴ ነው የፈጠርኩት።

በይርጋ ወንበር ተቀምጬ ሄድኩ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ አውቶቡሱ ቆመ፤ ወርጄ ልመለስ እችል ነበር። ወረድኩ፣ ቆሎ ገዛሁ፣ ተመልሼ ወጣሁ። አሥመራ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። አሠልጣኙ ሲያየኝ ራሱን ይይዝ ነበር፣ ኳሷ ደግሞ ስታየኝ ታለቅስ ነበር፤ በዐሥረኛው ቀን መልሰው አሳፈሩኝ። ስመለስ ሲኞር ዮን ከጎንደር ለቋል። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም።

አባ ገብረ ሕይወት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ! ልነግራቸው ሄድኩና የጅቡን ታሪክ አውርቼ፣ አስቄያቸው ወጣሁ። ዳግመኛ ስሄድ አልጋ ይዘው ነበር፤ በበሽተኛ ላይ ነገር አይጨመርም ብዬ ያዘንኩላቸው መሰልኩ። ሦስተኛ ስሄድ ቃሬዛቸውን ተሸከምኩ። ይርጋ ወደ ሌላ አባት ሄዶ ግዝቱን ያስፈታ ዘንድ ብዙ ሰው ለመነው። «የገዘቱኝ አባቴ ናቸው፤ እሳቸው ሳይፈቱኝ ሞቱ» አለና ጸና። ወደ ትክል ድንጋይ ወርዶ አገባ፣ ቀሰሰ፣ እርሻ ያዘ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም በሬ ልገዛ ትክል ድንጋይ ገበያ ሄጄ አየሁት። ልጆች የጨርቅ ኳስ ሲለጉ ኳሷ ተንከባላ እግሩ ሥር ቆመች። ቄስ ይርጋ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሣትና ወስዶ ለልጆቹ ሰጣቸው። በሬውን ተውኩ። ይርጋን ከአጥር ሥር አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ የማኅበሩን፣ የመስቀሉን፣ የአውቶቡሱን። ድንጋይ ቢያነሣብኝ ደስ ባለኝ።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ሲኞር ዮን እንግዲህ ሰለቸኝ ያልኩት መስሎት ሄደ?»

«አዎ።»

«እንዲያ ትክ ብሎ ያየኝ ለዚያ ነበር?»

«ለዚያ ነበር።»

ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «እኔን ተወኝ፣ አያ ደሴ። ክህነት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። እሱ ግን ከእኔ ሌላ ምንም አልነበረውም። መጀመሪያ ለሱ ንገረው። ከዚያ ወደ እኔ ና።»

ጋራዡን ጠየቅሁ፤ የሚያስታውሰው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፣ እሱም የሚያስታውሰው ማንከሱን ነው። አሥመራ ላሉ ሰዎች ጻፍኩ። አዲስ አበባ ለሚመላለስ ነጋዴ ነገርኩ። የአባቱን ስም እንኳ አላውቅም፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስተረጉምለት አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።

አንባቢዬ፣ ይቅር በለኝ አልልህም፤ የምትሰጠኝ አንተ አይደለህም። ይቅርታዬ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ሰውዬው የት እንዳለ ግን አላውቅም። አሁን ጓደኞቼ ትክል ድንጋይ ገበያ አብረን እንሂድ ሲሉኝ፣ ሥራ አለብኝ እላለሁ።