የጉንጩ ቀይ

ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት ከዓመት በኋላ፣ ዐቢይ ጦም እንደገባ፣ አባቴ ከደብር ሲመለሱ ፎቶውን ይዘው መጡ። «ከአስመራ ልኮልናል፤ ባለቀለም ነው» አሉ። መካነ ሰላም ውስጥ ባለቀለም ፎቶ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። እናቴ የጉንጩን መቅላት አይታ «ልጄ ደልቶታል» አለችና እልል አለች። እኔም ይዤው በየጎረቤቱ ዞርኩ። ሴቶቹ አየት አድርገው ቶሎ ይመልሱልኛል፤ ቅናት መስሎኝ ነበር።

ቀለም ነፍሴ ነው። አባቴ ቄስም ብራና ጸሐፊም ስለነበሩ፣ ቀለም ሲበጠብጡ እያየሁ ነው ያደግሁት። አንድ ቀን አስተማሪያችን ወረኢሉ ከተማ ሄዳ የተነሣችውን ባለቀለም ፎቶ አሳየችን። ነጠላዋ ነጭ ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ ግን ሰማያዊ ገብቷል። ሣሩም ፀሐይ ያገኘው በኩል ቢጫ ብሏል። ጥላ ራሱ ቀለም እንዳለው ያኔ ነው ያወቅሁት። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሮጥኩና የወንድሜን ፎቶ አወጣሁ።

የእሱ ጥላ አመድ ነው። ከኮፍያው ሥር፣ አንገቱ፣ እጁ፣ ሁሉም አመድ። ጉንጩና ከንፈሩ ብቻ ቀይ። ጣቴን በምራቄ አርሼ ጉንጩን ነካሁት፤ ቀዩ ጣቴ ላይ ቀረ። አልጠፋኝም፤ አባቴ የቅዱሳንን ስም ብቻ የሚጽፉበት ቀይ ነው። የእኔን ስም እንኳ ጻፉልኝ ብዬ ለምኜ እንቢ ብለውኛል።

ብራናቸው ላይ እንዳጎነበሱ ጣቴን አሳየኋቸው። «አባ፣ ይኼ የአንቱ ቀለም ነው።»

ብዕሩን አስቀመጡ። «አብሽሪ ልጄ። ፎቶውን ያመጣው ጓደኛው ነው፤ መርዶውንም የነገረኝ እሱው ነው። ቀዩን የቀባሁት እናትሽ ጦሙን እስክትፈታ እንዳታውቅ ብዬ ነው።»

ጎረቤቱም እንደሚያውቅ አልደበቁኝም። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ሞት በየደጁ ሳዞር ከርሜያለሁ። ከሐዘኑ በፊት ንዴቱ መጣ፤ ዛሬም ይኼ ያሳፍረኛል። ግን ቄስ አባቴ ይዋሹኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እናቴ ከጓዳ «እስቲ ልጄን አምጪልኝ፣ ልየው» አለች። አንዱ ጉንጭ ነጥቷል። አባቴ ብዕሩን ቢያነሡም መቀባቱ አልሆነላቸውም። ተቀብያቸው ከቀዩ ነከርኩና ጉንጩን መለስኩለት። እፍ፣ እፍ ብዬ ወስጄ ሰጠኋት።

«ዛሬስ ይብስ ቀልቷል» አለች። ልትስመው ስታጎነብስ፣ «ይበላሻል» ብዬ ከእጇ ቀማኋት።