አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም ያለው ጡሩንባ

ጉግሳ ኃይለየሱስ የእጁን ሥራ በአፉ የማያሳምር፣ ጥፋቱንም በሌላው የማያላክክ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው። አባቱ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበሩ፤ እርሱም በድሬዳዋ በአንድ ፋብሪካ በኤሌክትሪክ ጥገና ኖሯል። ትልልቅ ባትሪና ሞተር ያውቃል። ሌላ ዕቃ ከምታዝ ከትንሿ ቺፕ፣ ከማይክሮኮንትሮለር ጋር ግን የተዋወቀው ፀጉሩ ገብስማ ከሆነ በኋላ፣ ዘንድሮ ነው።

ምክንያት ነበረው። የሚስቱ የወይዘሮ ተሻለች እናት፣ እማማ ጥሩሰው፣ ከተማውን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ ዳር ብቻቸውን ይኖራሉ። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ በጣለ ዝናብ ደረቁ አሸዋ በድንገት ወንዝ ይሆናል። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ልብሳቸውን ቋጥረው ልጃቸው ቤት ማደር ልማዳቸው ነበር። «በየዓመቱ ስደት ሰለቸኝ» ሲሉ ሰማና፣ ጉግሳ ውኃ ሲቀርብ ጡሩንባ የሚያስጮኽ መሣሪያ ሠራላቸው። አስቀድሞ ከማይክሮኮንትሮለሩ እግሮች በአንዱ፣ ፒን በሚሉት ላይ፣ በጡሩንባው ፈንታ ትንሽ አምፖል አስሮ ሞከረው፤ በራ። አምፖሏን ነቅሎ በዚያው ፒን ላይ ጡሩንባውን አሰረ።

ቅዳሜ ከጎረቤት ፊት ባልዲ ውኃ አፈሰሰ፤ ጡሩንባው ጮኸ። እማማም የቋጠሩትን ፈቱ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ትናንት ያልነበረ ጎረቤት «እስቲ ለእኔም አሳየኝ» አለው። ጉግሳ ውኃውን አፈሰሰ። ድምፅ የለም። ደገመ። የለም። መሥራቱን የምታሳየው አረንጓዴ መብራት ግን ምንም እንዳልሆነ ብልጭ ድርግም ትላለች። ጡሩንባውን ፈትቶ ከባትሪው ጋር ቢያገናኘው ሰፈሩን አናወጠው። እንግዲያ የሞተው መሣሪያው ነው፤ የትናንቱ ጩኸት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነበር። እኒህ እናት እርሱን አምነው በዲዳ ዘበኛ ሥር ተኝተው አድረዋል።

«እማማ፣ መሣሪያዬ ሞቷል። ይቋጥሩ፣ ዛሬ እኛ ዘንድ ነዎት።»

«ሌሊቱን ታዲያ ማን ጠበቀኝ?»

«እግዚአብሔር።»

«እሱማ ካንተ ጡሩንባ በፊትም ነበረ፣ ልጄ» ብለው ነጠላቸውን አነሡ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ታይዋን በሚባለው ገበያ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከምትሸጠው ከፊልሳን ዘንድ ሄደ። መሣሪያውን አገላብጣ አየችው።

«አቦ ጋሼ፣ ጡሩንባውን በቀጥታ ፒኑ ላይ ነው ያሰርከው?»

«አምስት ቮልት ይሰጥ የለ?»

«ቮልቱማ አለ፣ ጉልበቱ ነው የሌለው። ፒን ተላላኪ እንጂ ኩሊ አይደለም። ይሄ ከሃያ ሚሊአምፔር በላይ አይጫንበትም፤ ጡሩንባህ ሁለት መቶ ይበላል። ተላላኪው ላይ ኩንታል ስሚንቶ ጫንክበት።»

«ባትሪ የጠየቁትን ይሰጣል። እኔ ያደግሁት በዚያ ነው።»

«ይሄም ልስጥ ብሎ ነው የተቃጠለው።»

«መብራቷስ?»

«እሷ በሌላ ፒን ናት። አንዱ እግር ቢሰበር ሌላው ይረግጣል።» አዲስ ማይክሮኮንትሮለር፣ ትራንዚስተርና የኤሌክትሪኩን ፍሰት የምትቆጥብ ሬዚስተር አቀበለችው። «ፒኑ በሬዚስተሯ በኩል ትራንዚስተሩን ይዘዝ፤ የጡሩንባውን ሸክም ትራንዚስተሩ ከባትሪው ይቀበል።»

ይህን ስትል ስልኩ ጠራ፤ ሚስቱ ተሻለች ነበረች። «ደቻቱ ሞልቷል። እማዬ ቤት ገብቶ አልጋዋን ውጦታል። ደግነቱ እሷ እዚህ እኛ ቤት ናት።»

ጉግሳ ሰማዩን አየ፤ አንድ ደመና አልነበረም። እማማ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት በዚያ አልጋ ላይ ጋደም ይላሉ። በአንድ የዕቃ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ፊልሳን ውኃ ሰጠችው።

ጭቃው ተጠርጎ ቤቱ ከደረቀ በኋላ መሣሪያውን ፊልሳን እንዳዘዘችው አድርጎ ሠራው። ጡሩንባው ሲጮኽ ጣቱን ማይክሮኮንትሮለሩ ላይ አሳርፎ ቆየ፤ አልሞቀም። ዛሬም ማታ ማታ ባልዲውን ይዞ እማማ ዘንድ ይሄዳል። «ጆሮዎ ካልሰማ አይመኑት» ይላቸዋል፤ እማማም ሳይሰሙ አይተኙም።

ኖኅን በውኃ ላይ ያሻገረ አምላክ ጉግሳንና ቤተ ሰቡን ከድንገተኛ ጎርፍ ይሰውር፤ የእጁን ሥራ ይባርክ፤ ለእማማ ጥሩሰውም ዕድሜና ደረቅ ደጅ ይስጥ። አሜን።