ከጠበሉ ጎን ያስቀመጥኩት ውሃ

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በውጭ አገር በምንኖርባት አውሮራ ከተማ፣ ከአፓርታማችን ጀርባ፣ እርጥብ ሣርና የወደቀ ቅጠል የምትሸት ትንሽ ጅረት ነበረች፤ እማዬ ወደዚያ ዝር እንዳልል ከልክላኛለች። እንግሊዝ ያደገችው አስተማሪያችን የልጅነቷን ጅረት ፎቶ አሳየችን። ውሃው ከነጭ የኖራ ድንጋይ ሥር ስለሚፈልቅ ከታች ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። የእኛም ያው ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ላሳያት ብዬ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዳሁና ጭቃው እስኪዘቅጥ ፍሪጅ ውስጥ፣ ተመሳሳይ ጠርሙስ ውስጥ ከነበረው ከእማዬ ጠበል ጎን ደበቅኩት።

ጠዋት ስነሳ የእኔ ጠርሙስ ጎድሏል። ታናሽ ወንድሜን ናሆምን ሌሊቱን ሲያተኩሰው አድሮ፣ እማዬ በስመ ሥላሴ ብላ በባዶ ሆዱ አጠጥታዋለች። ጠበሉ እንዳለ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ግን ጅረቷ ጋ መሄዴን ስታውቅ የሚመጣብኝን ፈራሁ። «ቶሎ በይ እንጂ፣ ባሱ ያመልጥሻል!» አለችኝ። ወጣሁ።

ቀኑ አልመሽ አለ። በእረፍት ሰዓት አስተማሪዋን፣ ያ የእንግሊዙ ውሃ ይጠጣል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀችና የቱንም ያህል ቢጠራ ሳይፈላ አይጠጣም፣ በጎች ይገቡበታል አለችኝ። ክው አልኩ። የእኛዋ ጅረት የመንገዱን ቆሻሻ ሁሉ ነው የምትሰበስበው። ናሆም ሲሞት፣ ቤታችን በለቀስተኛ ሲሞላ ታየኝ። ከዚያም፣ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፣ ማንም ሳያውቅ የተረፈውን ውሃ ስደፋው ታየኝ።

ከባሱ ወርጄ ሮጥኩ። ናሆም ሶፋ ላይ ተኝቶ ካርቱን ያያል። ያሰብኩት ሁሉ ጠፍቶኝ «እማዬ፣ ጠበል አይደለም! የጅረቷ ውሃ ነው ያጠጣሽው!» ብዬ ጮኽኩ።

እማዬ ወዲያው ክሊኒክ ደወለች፤ ነርሷም ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ቶሎ አምጪው፣ ለጥቂት ቀን ተከታተዪው አለቻት። እኔ ግድግዳ ተጠግቼ ዱላዬን እጠብቃለሁ። እማዬ ግን መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና «ከጠዋት ጀምሮ ይሄን ብቻሽን ይዘሽ ዋልሽ?» አለችኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ናሆም ምንም አልሆነም። ዛሬ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዝቷል፤ ታሪኩን ባነሳነው ቁጥር ይስቃል። እኔ አልስቅም። አሁን እኔም የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። «ስኩል እንዴት ነበር?» ስላት «ፋይን፣ ማም» ብላ ክፍሏን ትዘጋለች። እኔ እንኳ ዘግይቼም ቢሆን ሮጬ ነገርኩ። እሷ የምትፈራው ነገር ቢገጥማት ወደ እኔ ትሮጥ ይሆን? በሯ ላይ ቆሜ የማስበው ይሄንን ነው።