ቅንጭብ የተቀባ ክንድ

ዛሬ እዚህ አዳማ አንዲት ወጣት የቆዳ ሐኪም ክንዴን ገልብጣ አየችና «አባባ፣ የምን ሽፍታ ነው ይሄን ጠባሳ ጥሎብዎት የሄደው?» አለችኝ።

«የደርግ» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ያኔ ቀበሌ ወጣቱን ለውትድርና ሲያፍስ፣ እናቴ ከአጥራችን ቅንጭብ ቆርጣ ነጩን ወተቱን ክንዴና አንገቴ ላይ ቀባችኝ። በማግስቱ ቆዳዬ ውሃ ቋጥሮ ተላጠ። ምልመላው ላይ የነበረው ጤና ረዳት ገና ሲያየኝ «ተላላፊ ነው፣ አውጡልኝ!» ብሎ ጮኸ።

የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ይቺን መድኃኒት ያውቋት ነበር። ልጅን አቃጥሎ ማዳን!

ታላቅ ወንድሜ ግን ሰርጉ ደርሶ ስለነበር «እከካም ሙሽራ አልሆንም» ብሎ እምቢ አላት። እንዳማረበት ወሰዱት። ሬሳው እንኳ አልመጣም፤ መርዶው ብቻ መጣ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ክንዴን እየዳሰሰች «ምነው እሱንም በግድ በቀባሁት!» ትል ነበር።

ሐኪሟ ጠባሳ የሚያጠፋ ቅባት ጻፈችልኝ። ወረቀቱን እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ትቼው ወጣሁ።

እናንተስ? እናታችሁ እንድትኖሩላት ብላ ያቆሰለቻችሁ ካላችሁ፣ እስቲ ጠባሳችሁ የት እንደሆነ ጻፉልኝ። የወንድሜ ገላ ላይ አንድም ጠባሳ አልነበረም።